በባዕድ አገር የሚማር ወጣትና የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በመንገድ ሥር የሚያልፍ የውኃ ቱቦ የሚነደፈው በዓመቱ አማካይ ዝናብ እንዳልሆነ በዚህ ጉባኤ ለተሰበሰበው ባለሙያ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ቱቦው በበጋው ወራት ደረቅ ሆኖ ይከርማል፤ በነሐሴ አንድ ሌሊት ጎርፍ ሲመጣ ግን፣ ዲዛይኑ በአማካይ የተሠራ እንደ ሆነ፣ ቱቦውም መንገዱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ መሐንዲስ የሚጠይቀው «በዓመት ስንት ውኃ ያልፋል?» ብሎ ብቻ አይደለም። «በአንድ ጊዜ የሚመጣው ከፍተኛው ውኃ ስንት ነው? የሚመጣውስ መቼ ነው?» ብሎም ይጠይቃል።

ይህን ጥያቄ በሥራው ላይ ከቶ የማይረሳ ባለሙያ፣ የገዛ ወንድሙ ወይም በሥሩ ያሠለጠነው ወጣት ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ወጣቱ «በወር ስንት ይበቃኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ታላቁም አንድ ቁጥር ይነግረዋል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የአማካይ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ በአማካይ የማይኖሩበት ዓመት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ በአኃዝ ማሳየት፣ ከዚያም የማኅበሩ አባላት ለሚመክሯቸው ወጣቶች ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ መጠቆም ነው።

ለምሳሌ ያህል የተመረጠችው አገር ጀርመን ናት። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ «ትምህርት በነፃ» የሚለው ዝናዋ አያሌ የምሕንድስና ምሩቃንን የሚስብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከተማሪው የሚጠየቀው ገንዘብ በሕግና በደንብ በቁጥር የተቀመጠ በመሆኑ ሒሳቡን በግምት ሳይሆን በስሌት ለመሥራት የሚያመች መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ወራትና ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. «በነፃ» የሚለው ቃል

አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በኦክቶበር 2024 ከጀመረው ሴሚስተር ወዲህ ለነዚሁ ተማሪዎች ክፍያ ደንግጓል። ለማስተርስ ትምህርት በአንድ ሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ ይደርሳል። ስለዚህ «ጀርመን አገር በነፃ ነው» ተብሎ በደፈናው የሚነገረው ምክር ከመነሻው ጥንቃቄ የጎደለው ነው።

ክፍያ በሌለበትም ቢሆን ነፃ የሆነው ትምህርቱ ነው እንጂ ኑሮው አይደለም። የጀርመን መንግሥት ለተማሪ ቪዛ ከመስጠቱ በፊት አመልካቹ የአንድ ዓመት መተዳደሪያ እንዳለው እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ማረጋገጫውም በአብዛኛው፣ ተማሪዎች «ብሎክድ አካውንት»፣ ጀርመኖቹ «ሽፔርኮንቶ» በሚሉት ዝግ ሒሳብ ውስጥ ገንዘቡን አስቀድሞ ማስገባት ነው። መጠኑ በ2021 10,332 ዩሮ ነበር። በ2023 11,208 ዩሮ ሆነ። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ 11,904 ዩሮ ደርሷል። ይህ ገንዘብ የተማሪው ቢሆንም እንደ ልቡ የሚያዝበት አይደለም፤ ባንኩ በወር 992 ዩሮ ብቻ እየቆረጠ ይሰጠዋል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት የብሩን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመፍቀዱ በፊት፣ አንድ ዩሮ በባንክ በ62 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው 11,208 ዩሮ ወደ 695,000 ብር የሚጠጋ ነበር። በ2024 መጨረሻ ግን አንድ ዩሮ ከ125 ብር በላይ ሆኖ፣ የሚጠየቀውም ወደ 11,904 ዩሮ ከፍ ብሎ ስለ ነበር፣ ያው የአንድ ዓመት መተዳደሪያ ከ1,488,000 ብር በላይ ሆነ። በግማሽ ዓመት ውስጥ ሸክሙ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ይህን ገንዘብ የሚያዋጣው አንድ ሰው አይደለም። የአባት ጡረታ፣ የእናት እቁብ፣ የአጎት ብድር፣ የእኅት ደመወዝ ተደማምሮ ነው። ወጣቱ አውሮፕላን ላይ ሲሳፈር የያዘው ሻንጣ ቀላል ቢመስልም፣ የተሸከመው ግን የአንድን ቤተ ዘመድ ተስፋ ነው።

፪. የዓመቱ ሒሳብ ሲታይ

ለአብነት አንድ ወጣት ይታሰብ። በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ አራት ዓመት ከሥራ ተቋራጭ ዘንድ ሠርቷል፤ ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው፤ ክፍያ በማይጠይቅ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ትምህርት ተቀባይነት አግኝቷል። ከመሄዱ በፊት፣ ለሙያው እንደሚገባ፣ የወር ሒሳቡን በወረቀት ላይ አሰፈረ።

የተማሪዎች መኖሪያ ኪራይ 340 ዩሮ። የሕክምና ኢንሹራንስ 145 ዩሮ ገደማ። ምግብ 200 ዩሮ። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ከየቤቱ የሚከፈለው ግዴታ፣ ከ2021 ወዲህ 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም የሆነው፣ 18 ዩሮ ተብሎ ይያዝ። ስልክ 12 ዩሮ። ሳሙና፣ መጽሐፍ፣ ልብስና ሌላ ጥቃቅን ወጪ 80 ዩሮ። በሴሚስተር 320 ዩሮ የሚከፈለው የተማሪነት መዋጮ ለየወሩ ሲከፋፈል 53 ዩሮ። ድምሩ 848 ዩሮ ነው። ከ992 ዩሮ ላይ 144 ዩሮ ይተርፋል፤ በዓመት 1,728 ዩሮ።

ወጣቱ ጠንቃቃ ስለ ነበረ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጡትንም ወጪዎች አልረሳም። የቤት መያዣ 800 ዩሮ፣ ቤት እስኪገኝ የማረፊያ ኪራይ 450 ዩሮ፣ የመኖሪያ ፈቃድ 100 ዩሮ፣ የብርድ ልብስ፣ የካፖርትና የድስት መግዣ 250 ዩሮ፤ በጠቅላላው 1,600 ዩሮ ሆነ። ይህም ከ1,728 ሲቀነስ 128 ዩሮ ትርፍ ይቀራል። ሒሳቡ ሞላ። አባቱም ወረቀቱን አይተው፣ «ልጄ፣ ይህማ ተመዛዝኗል» አሉ።

የዓመቱ ሒሳብ በእርግጥ ተመዛዝኗል። ቱቦው ግን በአማካይ ዝናብ ተነድፏል።

፫. የስድሳኛው ቀን ሒሳብ

ወጣቱ በሴፕቴምበር አጋማሽ ጀርመን አገር ገባ። የያዘው ጥሬ ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ዋናው ገንዘብ በዝግ ሒሳቡ ውስጥ ነውና። እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ባሉት ስድሳ ቀናት የሚፈለግበት ክፍያ እንደሚከተለው ይሰላል።

የተማሪዎች መኖሪያ የሚለቀቅለት በኦክቶበር 1 ስለሆነ አሥራ አምስት ሌሊት በማረፊያ ቤት ያድራል፤ ሌሊቱ 30 ዩሮ ቢሆን 450 ዩሮ። የቤት መያዣ 800 ዩሮ። የኦክቶበርና የኖቬምበር ኪራይ 680 ዩሮ። የሁለት ወር ኢንሹራንስ 290 ዩሮ። የሴሚስተር መዋጮ በአንድ ጊዜ 320 ዩሮ። የመኖሪያ ፈቃድ 100 ዩሮ። የልብስና የዕቃ መግዣ 250 ዩሮ። የሁለት ወር ምግብ 400 ዩሮ። ስልክና ሌላ 60 ዩሮ። ድምሩ 3,350 ዩሮ ነው።

በነዚሁ ስድሳ ቀናት ዝግ ሒሳቡ ሁለት ጊዜ ቢከፍለው የሚያገኘው 1,984 ዩሮ ነው። ጉድለቱ 1,366 ዩሮ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፍለው ደግሞ ጉድለቱ 2,358 ዩሮ ይደርሳል። ይኸኛውም ከሁኔታ የራቀ አይደለም። የወሩ ገንዘብ እንዲለቀቅ ተማሪው በስሙ ተራ የባንክ ሒሳብ መክፈት አለበት፤ ባንኩ ብዙ ጊዜ የነዋሪነት ምዝገባ ወረቀት ይጠይቃል፤ ለነዋሪነት ለመመዝገብ ቤት ያከራየው ሰው የፈረመበት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ቤት ለመያዝ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሕጉ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በማረፊያ ቤት ያለ ሰው ግን የአከራይ ማስረጃ የሚያገኘው በስንት ልመና ነው። አራቱ በሮች እያንዳንዳቸው የሌላውን ቁልፍ ይጠይቃሉ።

እንግዲህ በዓመቱ መጨረሻ 128 ዩሮ ትርፍ የሚያሳየው ይኸው ሒሳብ፣ በስድሳኛው ቀን ሲታይ ቢያንስ 1,366 ዩሮ ይጎድለዋል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ወጣቱ የሚኖረው ግን በዓመቱ መጨረሻ ላይ ሳይሆን በስድሳኛው ቀን ላይ ነው።

የዚህን ጉድለት ከፊል ለመቀነስ የሚረዳ ዕውቀት አለ። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት መያዣ ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በዚህ ስሌት የማሞቂያና የመሰል አገልግሎቶች ዋጋ ከኪራዩ ጋር አይቆጠርም። ከዚህም በላይ ተከራዩ መያዣውን በሦስት እኩል ወርኃዊ ክፍያ የመክፈል መብት ይሰጠዋል። ወጣቱ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ከ800 ዩሮ ፈንታ 533 ዩሮ ብቻ በከፈለ ነበር። አላወቀም። ማንም አልነገረውም። ሙሉውን ከፈለ፤ ቀሪውን ከአገሩ ልጅ ተበደረ።

፬. ሁለተኛው ጎርፍ

ገንዘቡ በመጀመሪያ ሲያጥለቀልቅ ትምህርቱ ጸጥ ብሎ ይቆያል። አደገኛውም ይኸው ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ሰው በየጊዜው አጭር ፈተና፣ የቤት ሥራና የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና ለምዷል፤ መድከሙን የሚያስታውሰው ሁልጊዜ አለ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ግን በአብዛኛው ትምህርት ክፍል መግባቱን የሚቆጣጠር የለም፤ ለፈተና የሚመዘገበው ተማሪው ራሱ ነው፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ በሴሚስተሩ ማብቂያ በሚሰጥ በአንድ ፈተና ይወሰናል። ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ጎርፉ የሚመጣው በፌብሩዋሪ ነው።

የትምህርቱም ሸክም እንደ ገንዘቡ በቁጥር ይታወቃል። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት 30 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይገመታል። ስለዚህ የአንድ ሴሚስተር ጥናት ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይጠይቃል። ባለ 5 ክሬዲት አንድ ትምህርት ብቻውን ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይፈልጋል።

አሁን ሁለቱ ሒሳቦች ይገናኙ። ወጣቱ 1,366 ዩሮ ጎድሎታል፤ ሥራም ፈለገ። ሕጉ ከማርች 2024 ወዲህ ለውጭ አገር ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራትን ይፈቅዳል፤ ከዚያ በፊት 120 ሙሉ ቀን ነበር። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 13 ዩሮ ከ90 ሳንቲም ነው። በዚህ ዋጋ ጉድለቱን ለመሙላት ወደ መቶ የሚጠጋ ሰዓት መሥራት አለበት። መቶ ሰዓት ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ከአንድ ባለ 5 ክሬዲት ትምህርት ጥናት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ነው። ሥራውም ከዕቃ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ሆኖ ተገኘ፤ የሌሊት ሰዓት ደግሞ የቀኑን ሰዓት ይዞ ይሄዳል።

በዲሴምበር አንድ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ተደምሮ የሚጠይቅ ነበር። በጀርመንኛ የተጻፈ በመሆኑ ማስታወቂያ መስሎት ጠረጴዛው ላይ ተወው። በጃንዋሪ መጨረሻ ደግሞ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የመመዝገቢያው 320 ዩሮ ደረሰ። ይህን በጊዜው ያልከፈለ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ይሰረዛል፤ ተማሪነቱ ሲሰረዝ የመኖሪያ ፈቃዱም መሠረት ያጣል። የፈተናው ወርና የክፍያው ወር አንድ ላይ ዋሉ። ወጣቱ ፈረቃ ጨመረ።

በፌብሩዋሪ ከአምስት ፈተና ሁለቱን ወደቀ። ይህም ተራ ነገር አይደለም። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ፈተና የሚሞከረው እስከ ሦስት ጊዜ ነው፤ የመጨረሻውን ዕድል ያጣ ተማሪ በዚያ የትምህርት ዘርፍ መቀጠል አይፈቀድለትም። በስድሳኛው ቀን የጎደለው ገንዘብ በፌብሩዋሪ በትምህርቱ ላይ ተከፈለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጎርፍ ሁለተኛውን ወለደው።

፭. «ደኅና ነኝ»

በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቱ በየእሑዱ በስልክ ይጠይቁት ነበር። «ልጄ፣ እንዴት ነህ? ትበላለህ? ብርዱስ?» ይሉታል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደኅና ነኝ እማዬ፤ ሁሉ ሞልቷል፤ ምንም አትጨነቂ»። አንድ እሑድ አባቱ ስልኩን ተቀብለው የአጎቱ ልጅ ለትምህርት ቤት ክፍያ መቸገሩን ነገሩት። እሱም እምቢ ማለት ከበደው፤ ሃምሳ ዩሮ ላከ። ሃምሳው ዩሮ በዚያ ወር ከምግቡ ላይ የተቀነሰ ነበር።

ይህ ዝምታ ከክፉ ልብ የመነጨ አይደለም። ቤተሰቡ ጥሪቱን አሟጦ የላከው ልጅ «ጎደለኝ» ብሎ መናገር እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። የተማሪው ዝምታ ግን ከገንዘቡ ጉድለት ይልቅ ጎድቶታል። ምክንያቱም ረዳት ነበረ። በየከተማው ያለው፣ የተማሪዎችን መኖሪያና ምግብ ቤት የሚያስተዳድረው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት በነፃ ምክር የሚሰጥ ክፍል አለው። የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ የተማሪዎች ማኅበራትም በብዙ ከተሞች ሃይማኖት ሳይለዩ ለተቸገሩ የውጭ አገር ተማሪዎች የሚውል የድንገተኛ ጊዜ ገንዘብ አላቸው። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በረዳትነት የሚሠራ ሥራም ከ140ው ቀን አይቆጠርም፤ ከመጋዘን ፈረቃ ይልቅ ለጥናትም የቀረበ ነው። ወጣቱ ይህን የሰማው በማርች፣ ሁለት ፈተና ከወደቀ በኋላ ነበር። በኖቬምበር ቢጠይቅ ኖሮ በኖቬምበር በሰማው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ትንንሾቹ ነገሮች አንድ ቃል መጨመር አይከፋም፤ ዓመቱን የሚያቀልሉትም የሚያከብዱትም እነሱ ናቸውና። የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት፣ በጀርመንኛ «ሜንዛ» የሚባለው፣ ለተማሪ በጥቂት ዩሮ ትኩስ ምሳ ያቀርባል፤ ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብም በብዙዎቹ ዘንድ ስለማይጠፋ የሚጾም ተማሪ አይቸገርም። ምስርና ሽምብራ በቱርኮች ሱቅ በርካሽ ይገኛል። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይዞ መሄድ የወር ወጪን በእርግጥ ይቀንሳል። ቅቤና ቋንጣ ግን ከሻንጣ መውጣት አለባቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከሌላ አገር የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤት እንዲያስገባ አይፈቅድምና፣ የእናት ድካም በጉምሩክ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል።

፮. ያልታሰበው ሁለተኛ ዓመት

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሚመጣው ግን ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ዝግ ሒሳቡ በየወሩ እየተቆረጠ ባዶ ሆኗል። የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜ ሲያበቃ፣ መሥሪያ ቤቱ ለሚቀጥለው ጊዜ መተዳደሪያ መኖሩን እንደገና ይጠይቃል። ይህም በአዲስ ዝግ ሒሳብ፣ በነፃ ትምህርት ዕድል፣ ጀርመን አገር በሚኖር ሰው ዋስትና ወይም በመደበኛ የሥራ ገቢ ሊረጋገጥ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ግን «የመጀመሪያውን ዓመት እኛ፣ የቀረውን እሱ ሠርቶ» ብሎ ይስማማል።

ይህ ስምምነት በቁጥር ይመዘን። 11,904 ዩሮ በሰዓት 13 ዩሮ ከ90 ሳንቲም ሲሠራ ከ850 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ጥናት ከ750 እስከ 900 ሰዓት መሆኑ ከላይ ተነግሯል። ስለዚህ «የቀረውን ሠርቶ ይማር» ማለት «በዓመት ሁለት ሴሚስተር ተምሮ፣ የሦስተኛ ሴሚስተር ያህል ሰዓት ደግሞ ይሥራ» ማለት ነው። ሕጉ ይፈቅዳል፤ በዕረፍቱ ወራት በርትቶ የሚሠራ ሰውም ይችለዋል። ነገር ግን ሊቻል የሚችለው ከመጀመሪያው ዓመት ያለ ዕዳና ያለ ውዝፍ ፈተና ለወጣ ተማሪ ነው። ሁለት የወደቀ ፈተናና የተበደረውን ገንዘብ ይዞ ወደ ሁለተኛው ዓመት የሚገባ ሰው አራተኛ ሴሚስተር ተጨመረበት ማለት ነው።

ለባለሙያ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያም አለ። ከላይ የተጠቀሰው የተማሪ ኢንሹራንስ ዋጋ የሚሠራው እስከ ሠላሳ ዓመት ዕድሜ ድረስ ነው። ብዙ መሐንዲሶች ወደ ማስተርስ ትምህርት የሚሄዱት ከጥቂት ዓመት ሥራ በኋላ ስለሆነ፣ ይህ ወሰን በትምህርቱ መካከል ሊደርስባቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚገቡበት ኢንሹራንስ ዋጋውም ውሉም የተለየ ነው፤ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

፯. ከማኅበሩ የሚጠበቀው

ከቀደሙት አባላት ብዙዎቹ በውጭ አገር የተማሩት በመንግሥት ወይም በለጋሽ ድርጅት ነፃ የትምህርት ዕድል ነበር። የአውሮፕላኑ ቲኬት ተቆርጦላቸው፣ ማረፊያው ተይዞላቸው፣ የወር አበሉ ተወስኖላቸው ሄዱ። በወር የሚበቃውን ቢናገሩ ከልምዳቸው ነው፤ ልምዳቸውም እውነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ጎርፍ ሌላ ወገን ስለ ተቀበለላቸው ጎርፍ መኖሩን አላዩም። በራሱና በቤተሰቡ ገንዘብ የሚሄደው የዛሬ ወጣት ግን በጎርፉ ፊት ብቻውን ይቆማል። የምክሩ መለየት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አንድ አባል ለወጣት ባልደረባው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ ሦስት ነገሮችን አብሮ ቢያደርግ ብዙ ጉዳት ይቀራል።

አንደኛ፣ ከዓመቱ ሒሳብ ጎን የስድሳውን ቀን ሒሳብ በወረቀት እንዲሠራ ያድርገው። ወጪው ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ፤ ገቢውም የሚገባበት ቀን ይጻፍ። በዚህ ንግግር የቀረቡት የኪራይና የምግብ ዋጋዎች ለምሳሌ የተወሰዱ ስለሆኑ ተማሪው የሚሄድበትን ከተማ ዋጋ በምትካቸው ያግባ፤ በሙኒክ አንድ ክፍል ብቻ ከዚህ እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ከዝግ ሒሳቡ ውጭ ቢያንስ 1,500 ዩሮ፣ ቢቻል 2,500 ዩሮ፣ በቅርብ የሚገኝ መጠባበቂያ ሳይዝ የሚሄድ ሰው ጉዞውን በአንድ ሴሚስተር ቢያዘገየው ይሻለዋል። ማዘግየት ያሳዝናል፤ ተሰብሮ መመለስ ግን ይብሳል።

ሁለተኛ፣ በውጭ አገር የሚኖሩት አባላት ለአዲስ ገቢ የሁለት ሳምንት ማረፊያ ቢሰጡ ከገንዘብ ስጦታ የሚበልጥ እርዳታ ነው። በምሳሌው ላይ የማረፊያው ኪራይ 450 ዩሮ ነበረ፤ ይኸው ብቻ ከጉድለቱ አንድ ሦስተኛው ይሆናል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ካለ ደግሞ የመያዣው መብት ይነገረዋል፤ የሚመጣውም ደብዳቤ ይነበብለታል።

ሦስተኛ፣ ወጣቱ ከመሄዱ በፊት ከቤተሰቡ ጋር በግልጽ እንዲነጋገር ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ይወሰን፤ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ እንዳይጠየቅ፣ ሲጎድለው ደግሞ ያለ ኀፍረት እንዲናገር። ይህን ለአባትና ለእናት ማስረዳት ለልጁ ይከብደዋል፤ በቤተሰቡ ዘንድ ለሚከበር ታላቅ የሙያ ባልደረባ ግን ቀላል ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

በምሳሌው የተነገረው ወጣት የመጀመሪያ ዓመቱን አልወደቀም። በማርች ወደ ምክር ክፍሉ ሄደ፤ የሌሊቱን ፈረቃ ትቶ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ኮንክሪት የሚፈተንበት ክፍል ውስጥ ረዳት ሆነ፤ የወደቃቸውንም ሁለት ፈተናዎች ደግሞ አለፈ። በአንድ እሑድ ለእናቱ እውነቱን ነገራቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኛስ በየእሑዱ ድምፅህ ሲቀጥን እንሰማ አልነበረምን? እስክትነግረን ነበር የምንጠብቀው» አሉት።

ጉድለቱን ሁሉም ያውቁት ነበር፤ በስሙ የጠራው ግን አልነበረም። የመሐንዲስ ሙያ ደግሞ የሚመጣውን ጭነት ከመምጣቱ በፊት በስሙ ጠርቶ፣ በቁጥር ለክቶ፣ በወረቀት ማስፈር ነው። አባላቱ ለመንገዱ ቱቦ የሚያደርጉትን ለመንገደኛው ልጅም እንዲያደርጉለት አደራ በማለት ንግግሩ እዚህ ላይ ይፈጸማል።